አሥራ አራት ፈተና ከመሥራት አንዱን አገላብጦ ማረም

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍኖተ ሰላም የላብራቶሪ ባለሙያ ነሽ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ለማመልከት የእንግሊዝኛ ችሎታ በሚለካበት በአይኤልትስ ፈተና 6.5 ያስፈልግሻል፤ ሦስት ወር ቀርቶሻል፤ እስካሁን አሥራ አራት የልምምድ ፈተና ሠርተሽ ውጤትሽ ከ5.5 ንቅንቅ አላለም። «ፈቃድ ወስጄ አዲስ አበባ ሥልጠና ልግባ ወይስ እዚሁ ልለማመድ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ወንድሞች «ደጋግመሽ ሥሪ፣ ይመጣል» ብለውሻል። በዚህ አልስማማም። ለምን እንዳልተስማማሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተንኩት ቢቸና የባዮሎጂ መምህር ሳለሁ ነው። በየሁለት ቀኑ አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና እሠራ ነበር። ከመልሱ ጋር አመሳክሬ ያገኘሁትን እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከዚያ ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ገባሁና ተፈተንኩ። ማዳመጥ 6.5፣ ንባብ 6.5፣ ጽሑፍ 5.5፣ ንግግር 6.0 መጣ። አማካዩ 6.125 ነው፤ ወደሚቀርበው ግማሽ ነጥብ ስለሚጠጋጋ 6.0 ተባለ። ከአራቱ በአንዱ ብቻ ግማሽ ነጥብ ብጨምር ኖሮ አማካዩ 6.25 ሆኖ ወደ 6.5 ይወጣልኝ ነበር። ለመኪና፣ ለአልጋና ለፈተናው ያወጣሁት የወራት ቁጠባዬ ነበርና ውጤቱ የደረሰኝ ዕለት ክፍል ገብቼ ማስተማር አቃተኝ።

ዓይኔን የገለጡልኝ እንግሊዝኛ የማያውቁ አጎቴ ናቸው። በእነማይ ገጠር ቅኔ ያስተምራሉ። ጭንቀቴን ሰምተው «ቀን የሠራኸውን ማታ የሚያርምልህ ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልነበረኝም። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቆጥር፣ ማለት ቅኔ ሲያዘጋጅ የዋለውን ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም እዚያው ያቃኑለታል፤ በማግስቱ ያንን ስሕተት ይዞ አይመጣም። «ሳይታረም የሚቆጥር ተማሪ ስሕተቱን ነው የሚያጠናው» አሉኝ። እኔ በየሁለት ቀኑ ሳደርግ የኖርኩት ይህንኑ ነበር። አንቺም አሥራ አራት ጊዜ ያደረግሽው እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሁለተኛውን ዝግጅቴን በዚህ መንገድ ቀየርኩት። በአራት ወር ውስጥ የሠራሁት ሰባት ፈተና ብቻ ነው። አንዱን ቀን በሰዓት ተወስኜ እሠራለሁ፤ ቀጥሎ ያሉትን ቀናት የሳትኩትን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደሳትኩት አጣራለሁ። ቃሉን አላውቀው ይሆን? አውቄው ስሰማው አልለየሁት ይሆን? ሰምቼው ስጽፈው አበላሽቼው? ጥያቄውን በችኮላ አንብቤው? ምክንያቱን በአንድ መስመር በስሕተት ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ከሦስት ፈተና በኋላ ደብተሩ ራሱ መናገር ጀመረ። በአንዱ ፈተና በማዳመጥ ከ40 ጥያቄ አሥራ ሦስት ስቼ ነበር። ከአሥራ ሦስቱ ስድስቱን መልሱን በትክክል ሰምቼ በፊደል አጻጻፍ ወይም የብዙ ቁጥርን ‹ስ› በመርሳት ነው የጣልኳቸው። በማዳመጥ 30 ጥያቄ የመለሰ ሰው 7.0 አካባቢ ያገኛል፤ ስለዚህ እኔን ከ7.0 የለየኝ የጆሮ ድካም አልነበረም።

ለማዳመጥ ከሁሉ የጠቀመኝ የቃል ጽሕፈት ነው። ከነጽሑፉ የሚገኝ አጭር ቅጂ ትወስጃለሽ፤ ቢቢሲ እንግሊዝኛ ለሚማሩ የሚያዘጋጃቸው የስድስት ደቂቃ ውይይቶች ለዚህ ይመቻሉ። ኔትወርክ ባለ ቀን አውርደሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። አንዱን ደቂቃ ብቻ እያቋረጥሽ ቃል በቃል ጻፊው፤ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዪው። መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ያደክማል፤ እባክሽ አታቋርጪው። በፈተናው ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነውና ጆሮሽ ሳይመለስ መያዝን መልመድ አለበት።

በመጀመሪያው ክፍል ስምና ስልክ ፊደል በፊደል ይነገራል። ለእኛ ‹ኤ›፣ ‹ኢ› እና ‹አይ› ይምታቱብናል፤ ‹ጂ› እና ‹ጄ›ም እንዲሁ። ‹ደብል ኤል› ሲሉ ሁለት ኤል ማለታቸው ነው፤ በስልክ ቁጥር ውስጥ ‹ኦ› ሲሉ ዜሮ ነው። 13 እና 30፣ 15 እና 50 ደግሞ ድምፁ የሚጠብቀው የት ላይ እንደሆነ ካልተለመደ አይለዩም። ተናጋሪው አንድ ቀን ጠርቶ ወዲያው ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ቀን የሚናገርበትም ጊዜ ብዙ ነው፤ የመጀመሪያውን ጽፎ እርሳሱን ያስቀመጠ ሰው ተሸወደ ማለት ነው።

ሰዓት ደግሞ ለእኛ ተብሎ የተቀመጠ የሚመስል ወጥመድ ነው። ተናጋሪዋ ጠዋት ‹ናይን› ስትል አእምሯችን «ሦስት ሰዓት» ብሎ ይተረጉማል፤ እጃችንም 3 ይጽፋል። በንግግር ፈተናም ማለዳውን አስቦ «በ12 ሰዓት እነሣለሁ» ያለን ሰው ፈታኙ እኩለ ቀን እንደሚነሣ ነው የሚረዳው። ከፈተናው በፊት ባሉት ሳምንታት የስልኬን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር አደረግሁት፤ ከተማሪዎቼ ጋር ስነጋገር ብቻ ወደ እኛ እመልሰው ነበር። አንቺም ሞክሪው።

ንባቡ 60 ደቂቃ፣ ሦስት ረጅም ጽሑፍና 40 ጥያቄ ነው፤ መልስ ለመገልበጥ ተጨማሪ ደቂቃ የለም። እዚህ ላይ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹እውነት›፣ ‹ሐሰት›፣ ‹አልተገለጸም› የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ሰው ያስወድቃሉ፤ ምክንያቱም የምንመልሰው ከምናውቀው ነው። አንድ ጊዜ ስለ ቡና ንግድ የተጻፈ ንባብ ላይ ቡና መጀመሪያ የተገኘው በኢትዮጵያ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ምን ልጠራጠር? ‹እውነት› ብዬ አለፍኩ። ጽሑፉ ግን ስለ ቡና መገኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ መልሱ ‹አልተገለጸም› ነበር። ከዚያ ወዲህ መልሱን የሰጠኝን ዓረፍተ ነገር በጣቴ ሳልነካ መልስ አልጻፍኩም። የጤና ባለሙያ ስለሆንሽ ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት የሚመጣ ጽሑፍ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ጽሑፍ ልምጣ። የአንቺም ቁስል እዚህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጻፍሽውን ማንም አይቶልሽ እንደማያውቅ በጥያቄሽ ውስጥ ነግረሽናል። በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፍ ትጽፊያለሽ፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናልና 40 ደቂቃውን ለእሱ ስጪው። በመጀመሪያው ግራፍ ወይም ሰንጠረዥ ከመጣ በጠቅላላው የሚታየውን ዋና ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ፤ ምክንያት ከራስሽ አትጨምሪ። ስለሱ ይህ ይበቃል።

በሁለተኛው ድርሰት የእኛ ችግር ከሩቅ መነሣት ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው ድርሰት «ከጥንት ከጠዋቱ ጀምሮ የሰው ልጅ» ብሎ ይጀምርና አቋሙን መጨረሻ ላይ ይገልጣል። እዚህ ግን አራሚው የመጀመሪያዋን አንቀጽ ሲጨርስ የቆምሽበትን ማወቅ ይፈልጋል። ነጥቡ በአራት እኩል ይከፈላል፤ ጥያቄውን መመለስሽ፣ ሐሳብሽ መያያዙ፣ የቃላት ሀብትሽና ሰዋስውሽ። ሰዋስው አንድ አራተኛ ብቻ ሆኖ ሳለ እኔ መጀመሪያ ጊዜዬን በሙሉ ለእሱ ነበር የሰጠሁት።

ሰዋስው ላይም ቢሆን ስሕተታችን የሚበዛው በታወቁ ቦታዎች ነው። በአማርኛ «ቤቱ» ስንል እርግጠኝነቱ ከቃሉ መጨረሻ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፤ «መጽሐፍ ገዛሁ» ስንል ደግሞ ምንም አያስፈልገንም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ከስሙ በፊት የሚፈልጋቸውን ‹ኤ› እና ‹ዘ› እንረሳለን። ደግሞ በአማርኛ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» እያሉ ማስረዘም ያምራል፤ ያንን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ማሰሪያ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የእኔ መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ከ25 ቃል የበለጠውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ለሁለት ቆረጥኩት።

አራሚዬ እዚያው ቢቸና አብሮኝ ያስተምር የነበረ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ስምምነታችን እሱ እንዳያስተካክልልኝ ነበር። የተሳሳትኩበትን ቦታ ብቻ ያሰምርበታል፤ ምን እንደሆነ ፈልጌ የማገኘው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ያንኑ ድርሰት እንደገና እጽፈዋለሁ። አንዱን ርእስ ሦስት ጊዜ የጻፍኩበት ሳምንት ነበር። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፉ ሦስት ልዩ ልዩ ድርሰቶች ይልቅ ያቺ አንዷ አስተማረችኝ። በምላሹ ልጁን በሳይንስ ጥናት እረዳለት ነበር፤ ገንዘብ አልተለዋወጥንም። ፍኖተ ሰላም እንዲህ ያለ መምህር አታጪም።

በቴሌግራም ስለሚሸጡት የተዘጋጁ ድርሰቶች ጠይቀሻል። አትግዢ። አራሚዎቹ በቃል የተጠና ጽሑፍን ለይተው እንዲያውቁ የሠለጠኑ ናቸው፤ ከጥያቄው ጋር ያልገጠመ ያማረ አንቀጽ ነጥብ ያስቀንስብሻል እንጂ አይጨምርልሽም።

ንግግር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ አንቺና ፈታኙ ብቻ ናችሁ፤ ድምፅሽ ይቀረጻል። እኔ የወደቅኩት እውቀት አንሶኝ ሳይሆን በአስተዳደጌ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ፊት ቃል ማብዛት ነውር ነው፤ የተጠየቁትን ባጭሩ መልሶ ዓይንን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። ፈታኙ «የምትኖርበትን ከተማ ትወደዋለህ?» ሲለኝ «አዎ፣ በጣም» ብዬ ዝም አልኩ። እሱ የሚመዝነው የምናገረውን ነው፤ ዝም ካልኩ የሚመዝነው የለውም። ጨዋነትሽን በር ላይ ተይው አልልሽም፤ እንግዳ ቤትሽ ገብቶ ስለ አገርሽ የጠየቀሽ አድርገሽ ቁጠሪው። ለእንግዳማ ዝም አንልም።

በሁለተኛው ክፍል አንድ ርእስ ይሰጥሽና አንድ ደቂቃ አስበሽ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻሽን ትናገሪያለሽ። ስለ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ ተናገሪ ቢሉሽ ግሽ ዓባይ አለልሽ፤ ዘንገና አለልሽ። ነገር ግን «ውብ ነው፣ ትልቅ ነው» ማለት አርባ ሰከንድ አይሞላም። መቼ ሄድሽ? ከማን ጋር? መንገዱ እንዴት ነበር? ጠበሉን ለመጠጣት የመጣውን ሕዝብ ስታዪ ምን ተሰማሽ? እኔ በየማታው ሻማ አብርቼም ቢሆን አንድ ርእስ በስልኬ እቀዳ ነበር፤ ቀድቼም አዳምጠው ነበር። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ይከብዳል። ‹ስኩል› ለማለት «እስኩል» እንደምል፣ ‹ፕ›ን እንደማጠብቃት የሰማሁት ከቅጂው ነው። የጎጃም ለዛሽን ለመደበቅ ግን አትድከሚ፤ የሚታየው ንግግርሽ ሳያስቸግር መሰማቱ ነው። ጥያቄው ካልገባሽ ይድገሙልኝ ማለትም ይፈቀዳል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመለስ፣ ሥራሽን ትተሽ አዲስ አበባ አትግቢ። እኔ ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ሁለት ሳምንት አንድ ማሠልጠኛ ገብቼ ነበር፤ አርባ ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጠን ያሠሩን የልምምድ ፈተና ነበር፤ ድርሰቴን ያየልኝ አልነበረም። ያንን ገንዘብ በሳምንት ሁለት ድርሰት ለሚያርምልሽ ሰው ብትከፍዪ ይሻልሻል። በሁለተኛው ፈተና 7.0፣ 7.0፣ 6.5፣ 6.5 አምጥቼ በአጠቃላይ 7.0 ያገኘሁት ከቢቸና ሳልወጣ ነው።

ከመመዝገብሽ በፊት የምታመለክቺበትን ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ጠይቂ። በእንግሊዝኛ መማርሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተመረቅሽበት ተቋም የሚቀበሉ አሉ፤ ከተቀበሉሽ ወጪው ይቀርልሻል። ካልሆነ በእያንዳንዱ ክፍል ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ አጠቃላዩን ብቻ አይደለም የሚያዩት። ለአንቺ የሚሆነው ለዩኒቨርሲቲ የሚወሰደው፣ አካዳሚክ የሚባለው የአይኤልትስ ዓይነት ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርትሽን አሁኑኑ አዘጋጂ፤ ስትመዘገቢም ስምሽን ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው ፊደል ልክ ሙዪ። በኮምፒውተር የምትፈተኚ ከሆነ መተየብ ተለማመጂ፤ በወረቀት ለማዳመጡ መልስ መገልበጫ የሚሰጠው 10 ደቂቃ በኮምፒውተሩ ወደ ሁለት ደቂቃ መፈተሻ ይወርዳል።

አዲስ ፈተና ዛሬ አትክፈቺ። ከአሥራ አራቱ የመጨረሻውን አውጪና የሳትሻቸውን አንድ በአንድ ምክንያታቸውን ጻፊ። በዚያው ፈተና የጻፍሽውን ድርሰት ደግሞ እስከ ቅዳሜ ድረስ እዚህ ለጥፊው፤ የሚሰመርበትን አስምሬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እልክልሻለሁ።