ፖታሲየም ግሉኮኔት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የፖታሲየም ግሉኮኔት (ፖታሲየምን ለማሟላት የሚወሰድ እንክብል) ብልቃጥ የገዙ አንባቢ፣ በአንድ በኩል 595፣ በሌላ በኩል 99 ሚሊግራም ተጽፎ አግኝተው «የትኛውን ልመን?» ይላሉ።

መልስ፦ ሁለቱንም። 595 የውህዱ፣ ማለትም የፖታሲየም ግሉኮኔቱ፣ ሙሉ ክብደት ሲሆን፣ 99 በውስጡ ያለው የፖታሲየም መጠን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በባዶ ሆድ ይወሰዳል?

መልስ፦ ጨጓራን ስለሚያስቆጣ ከምግብ ጋር፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጥ።

ጥያቄ፦ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ እናት ድካም ቢሰማቸው፣ የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ጎረቤታቸው ፖታሲየም እንዲጀምሩ መክራቸዋለች። «ማዕድን እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ምን ይጎዳኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማዕድን ነው» በሚለው መጽናኛ ነው። ከሰውነታችን ፖታሲየም 98 ከመቶ ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ ይገኛል፤ የልብ ምት እንዳይዛባ ግን በደም ውስጥ ያለው ጥቂቱ ከጠባብ ልኩ፣ ይኸውም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ከሆነው፣ መውጣት የለበትም። ትርፉን በዋናነት የሚያስወግደው ኩላሊት ሲሆን፣ ኢናላፕሪል አልዶስትሮን የተባለውን ሆርሞን ስለሚቀንስ ፖታሲየም በሽንት የሚወጣበትን መንገድ ያጠብበዋል፤ ስፓይሮኖላክቶን የተባለው መድኃኒትም መንገዱን ያጠብበዋል። ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉት የግፊት መድኃኒቶች በአንጻሩ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣሉ፤ ጎረቤትዎ ከእነዚህ አንዱን የምትወስድ ከሆነ ለእሷ የታዘዘው ለእርስዎ አደጋ ሊሆን ይችላል። ሶዲየም የተቀነሰለት የገበታ ጨውም አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ስላለበት ከዚሁ ሒሳብ ይገባል። የሚያስቸግረው፣ ፖታሲየም ሲያንስም ሲበዛም ጡንቻን ማድከሙ ነው፤ አንዳንዴም የልብ ምት እስኪዛባ ድረስ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የፖታሲየምና የክሬአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ) የደም ምርመራ አድርገው ውጤቱን መድኃኒቱን ላዘዘልዎት ሐኪም ሳያሳዩ አንዲትም እንክብል አይውሰዱ። ይህን ለወግ ያህል አልጻፍሁትም።

ጥያቄ፦ አንድ ሒሳብ ወዳድ አንባቢ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በቀን ቢያንስ 3510 ሚሊግራም ፖታሲየም ስለሚመክር፣ ባለ 99 ሚሊግራሙን 35 ጊዜ ያህል መዋጥ ይገባ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ማካፈሉ ትክክል ነው፤ መዋጡ ግን ይቅርብዎ። ድርጅቱ ያሰበው ከምግብ የሚገኘውን ነው፤ ድንች፣ ባቄላ፣ ሙዝና ቅጠላ ቅጠል ያቀርቡታል።

ጥያቄ፦ እንክብሉ ትልቅ ስለሆነ ጨፍልቄ ብወስደውስ?

መልስ፦ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ የተሠራ ከሆነ አይጨፈለቅም፤ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቁ።