ለደብረ ማርቆሱ ጠያቂ፦ ሁለተኛውን ባትሪ ከመግዛትህ በፊት

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር (ተሽከርካሪ ክንፍ) በሚይዝ ፍሬም ላይ ራስህ የገጠምኸው ኳድኮፕተር (ባለ አራት ሞተር ድሮን) ደብረ ማርቆስ ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይልህ፣ የሚቀርጸውም ቪዲዮ እየተርገበገበ እንዳስቸገረህ ገልጸህ፣ ሁለተኛ ባትሪ ብጨምርበት ይበጃል ወይ ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ «ጨምር» ብለውሃል። እኔ ግን አትጨምር እላለሁ። እዚሁ ጎጃም ውስጥ እንዳንተው በ5 ኢንች ጀምሬ፣ ዛሬ በ7 ኢንች ከ20 ደቂቃ በላይ እየበረርሁ የቦረቦር መሬት ለግብርና ባለሙያዎች እቀርጻለሁ፤ እዚህ ለመድረስ የከፈልሁትን ገንዘብ አንተም እንድትከፍል አልፈልግም።

1ኛ፦ የቆምህበትን ከፍታ አስብ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው 78 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች 84 በመቶ ያህል ታገኛለች፤ ጮቄ ተራራ ላይ 4,000 ሜትር ስትደርስ ግን 67 በመቶ ይቀርሃል። ፕሮፔለር ኃይል የሚያገኘው አየር ወደ ታች በመግፋት ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት። በአንድ ቦታ ለማንዣበብ ብቻ እንኳ ደብረ ማርቆስ ላይ ከባሕር ጠረፍ 13 በመቶ፣ ጮቄ ላይ 22 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ በቪዲዮ የምታያቸው ሰዎች ቆላ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነው «ይህን ያህል ደቂቃ በረርሁ» ሲሉህ፣ ቁጥራቸውን ለአገራችን ቀንሰህ ውሰደው።

2ኛ፦ ክብደቱን በሚዛን አስላ፤ በግምት አትመን። ያለ ባትሪ 500 ግራም የሆነ ኳድ 200 ግራም ባትሪ ሲሸከም 700 ግራም ይሆናል እንበል። ሁለተኛውን ባትሪ ስትጨምር 900 ግራም ይሆናል። ክብደቱ ያደገው በ29 በመቶ ነው፤ ለማንዣበብ የሚፈልገው ኃይል ግን በ46 በመቶ ያህል ያድጋል። ባትሪህን እጥፍ አድርገህ በበረራ ጊዜህ ላይ የምታገኘው ጭማሪ 37 በመቶ ገደማ ነው። ሦስተኛ ብትደርብ ደግሞ ባትሪህ ሦስት እጥፍ ሆኖ ጊዜህ ከመጀመሪያው በ52 በመቶ ብቻ ይረዝማል፤ የመንገዱን ገፈራ ሁሉ ራሱ ላይ የተጫነ በቅሎ ማለት ይህ ነው። በዚያ ላይ ሞተሮቹ ለማንዣበብ ብቻ ከአቅማቸው ብዙውን ስለሚያወጡ፣ ነፋስ ሲመታው ራሱን የሚያስተካክልበት ትርፍ ጉልበት ያንሰዋል፤ የቪዲዮህ መርገብገብም ሊብስ ይችላል።

መፍትሔው ሰፊ ፕሮፔለር ነው። ከ5 ኢንች ወደ 7 ኢንች ስትሄድ፣ የክብደቱን ልዩነት ወደ ጎን ብንተው፣ ለማንዣበብ የሚያስፈልገው ኃይል በ29 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሰፊ ፕሮፔለር ብዙ አየር ይዞ በዝግታ ይገፋል፤ ጠባቡ ጥቂት አየር በኃይል ይወረውራል፤ የሚባክነው ኃይል እዚያ ነው። ባለ ሁለት ቅጠሉን ምረጥ፤ ባለ ሦስቱ ለእሽቅድምድም ያምራል እንጂ ለረጅም በረራ አይሆንም። ሞተሩም ሰፋ ያለና ኬቪው (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ዝቅ ያለ ይሁን፤ በ4ኤስ ባትሪ (አራት ሴል በተከታታይ የተያያዘበት) ከሆነ 1700 አካባቢ፣ በ6ኤስ ከሆነ 1300 አካባቢ ያለው ይስማማዋል።

3ኛ፦ ባትሪ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የቆሰለው፤ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትፍረድብኝ። ለረጅም በረራ ከሊፖ (በድሮን ላይ ከተለመደው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ይልቅ ሊቲየም አዮን ሴል ይመረጣል፤ በኪሎ ግራም ሊፖ 150 ዋት ሰዓት አካባቢ ሲይዝ፣ ጥሩ 21700 ሴል (21 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው) ከ200 ያልፋል። ይህን አውቄ ሴል ፍለጋ ወጣሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሻጭ፣ በእጁ ያለው ሁሉ አዲስ እንደሆነ በልጆቹ ስም እየማለ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሱ፣ አነስ ያሉ 18650 ሴሎች (18 በ65 ሚሊ ሜትር) ሸጠልኝ። ላያቸው ላይ 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። 9900 የሚይዝ 18650 በዓለም ላይ የለም፤ ጥሩ የሚባለው 3500 አካባቢ ነው፣ ብዙ አምፔር በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ 3000 አካባቢ ነው። ይህን ለሻጩ ስነግረው «እኛ ከፋብሪካ ነው የምናመጣው፤ አንተ ማን ነህ?» ሲል መለሰልኝ። በቅናሽ ሰጠኝና፣ ቢያንስ ግማሹን ይይዛሉ ብዬ ወሰድሁ። ፕላስቲኩን በምላጭ ስቀደው ከሥሩ ሌላ ልባስ፣ የተቧጨረ ቆርቆሮ፣ ጫፉ ላይም ከድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ሲፈነቀል የቀረ የኒኬል ቁራጭ ወጣ። ጠረጴዛ ላይ ቮልታቸው ሙሉ ነበር፤ ማንም ቴስተር ቢይዝባቸው «ደኅና ናቸው» ይላል። የውስጥ ተቃውሟቸው (ኤሌክትሪኩ ሲወጣ ውስጣቸው የሚያግደው) ግን በአንድ ሴል 80 ሚሊ ኦም ደረሰ። አራቱን በተከታታይ ስታገናኛቸው 320 ሚሊ ኦም ማለት ነው፤ ኳዱ ሽቅብ ሲወጣ 15 አምፔር ቢስብ 4.8 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በሻጩ ላይ ማስረጃ እንዲሆነኝ ሌላ ተመሳሳይ ሴል የገዛ ጓደኛዬን ኳድ አብረን አስነሣን፤ ዝቅ ብሎ ሲያንዣብብ ደኅና ነበር፣ ከፍ ሲል ግን ቮልቱ ተንዶ ፍላይት ኮንትሮለሩ (በረራውን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ) ጠፋና ጤፍ ማሳ ውስጥ ወደቀ። ካሜራው ተሰነጠቀ። ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ።

እንግዲህ ሴል ስትገዛ ሦስት ነገር ይዘህ ሂድ፦ የወርቅ ሚዛን የሚባለውን ትንሽ ሚዛን፣ የውስጥ ተቃውሞ የሚያነብ ቻርጀር፣ ትዕግሥት። እውነተኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም፣ 21700 ደግሞ 70 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ሠላሳ ቤት የሚመዝነውን እዚያው መልስለት። ተቃውሞው ከ25 ሚሊ ኦም በታች ይሁን። ሻጩ መለካት ከከለከለህ አትግዛ። እኔ አሁን የምጠቀመው ሞሊሴል ፒ42ኤ የተባለውን 21700 ነው፤ 4200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፣ እስከ 45 አምፔር ይሰጣል፤ አራት ሴል በተከታታይ 280 ግራም ነው። ሴሎቹን በቀጥታ በስታኞ አትበይድ፤ ሙቀቱ ውስጣቸውን ይጎዳል። በነጥብ ብየዳ ማሽን በኒኬል ማያያዣ አያይዛቸው፤ ኒኬሉም ንጹሕ ይሁን። ቁራጩን በሞረድ ፍቀህ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ አሳድረው፤ ዝገት ካበቀለ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው፣ ይግላል። ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ፍላይት ኮንትሮለሩ ሲሠራ ለሊፖ እንዲሆን ተደርጎ በአንድ ሴል 3.5 ቮልት ላይ ያስጠነቅቅሃል። ሊቲየም አዮን እስከ 2.8 ድረስ በደኅና ይሰጣልና፣ ማስጠንቀቂያውን ወደ 3.0 ወይም 3.1 አውርደው፤ አለበለዚያ ገና ብዙ ኃይል ሳለ ታሳርፈዋለህ።

ወደ ቪዲዮው መርገብገብ ልምጣ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የፒአይዲ ቁጥር (ፒ፣ አይ እና ዲ የሚባሉት፣ ኳዱ ራሱን እንዴት እንደሚያስተካክል የሚወስኑ ሦስት ቁጥሮች) ይነካካል። እኔ ግን ካቻቢቴ ነው የማነሣው። የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጥፍርህ ሄድበት፤ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ ጣለው። የሞተሩን ቆብ በጣትህ በዝግታ አዙረው፤ ሻካራ ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ሄዷል። ሞተሩን ከፍሬሙ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ረዝመው የመዳብ ጥቅሉን እንዳይነኩ ከሥር በባትሪ ብርሃን ተመልከት፤ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ሞተር አቃጥላለች። ካሜራው ከካርቦን ፍሬሙ ጋር በቀጥታ አይገናኝ፤ ለስላሳ ማቀፊያ ይኑረው።

ከዚያ በኋላ ቤታፍላይትን (ፍላይት ኮንትሮለሩን የምታስተካክልበትን ፕሮግራም) ክፈት። ኢኤስሲህ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል) የሞተሩን ዙር መልሶ የሚናገር ከሆነ፣ ባለ ሁለት አቅጣጫውን ዲሾት (ከኢኤስሲው ጋር የሚነጋገርበትን ስልት) አብራና በሞተር ዙር የሚሠራውን ማጣሪያ ተጠቀም፤ ከፕሮፔለሩ የሚመጣውን ንዝረት እየተከተለ ያጠፋዋል። የሌላ ሰው ፒአይዲ ገልብጠህ እንዳትጭን አደራ። በሳሳ አየር ሞተሩ ዙሩን በእኩል መጠን ቢለውጥም የሚያገኘው ግፊት ያነሰ ስለሆነ፣ ባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ቁጥር እዚህ ይለግማል፤ ቪዲዮው ላይ በዝግታ የሚወዛወዘው አንዳንዴ ከዚህ ነው። «ዲ» የተባለውን ቁጥር በጥቂቱ ጨምር፣ አንድ ደቂቃ አንዣብብ፣ አውርደህ ሞተሮቹን በእጅህ ዳስስ፤ እጅህን ማቆየት ካልቻልህ «ዲ»ው በዝቷል ወይም ንዝረቱ አልጠፋም። «ፒ»ን ቀጥሎ አንሣ። ባለ 7 ኢንች ፕሮፔለር ከባድ ስለሆነ እንደ 5 ኢንቹ ፈጥኖ አይታዘዝም፤ ለቀረጻ ደግሞ ያ ዝግታ መልካም ነው።

ካሜራው በሰከንድ 25 ምስል የሚያነሣ ከሆነ የመዝጊያው ፍጥነት 1/50 ቢሆን እንቅስቃሴው ለዓይን ይለሰልሳል፤ በደጋ ፀሐይ ግን ያለ ብርሃን ቀናሹ ኤንዲ 16 ወይም 32 ማጣሪያ ይህን አታገኝም። በኋላ ጋይሮፍሎው በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ልታረጋጋው ካሰብህ፣ የካሜራውን የራሱን ማረጋጊያ አጥፋ፤ ፍጥነቱንም ወደ 1/200 አስጠጋው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቅረጽ፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱም ጭላቱም ይነሣብሃል። በጂፒኤስ ወደ መነሻው ሲመለስ የሚይዘውን ከፍታ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በደንብ አስበልጠው፤ አዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማ በኩል ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ዛፍ አገሩን ሁሉ እንደሸፈነው ታውቃለህ።

ፈቃዱን አልጠየቅህም፤ ግን ሳልነግርህ ብቀር በደል ነው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ካለበት ሁኔታ አንጻር ደግሞ ያለ ወረቀት አንድ ሜትር እንኳ ከፍ እንዳታደርገው። ወረቀቱ ቢኖርህም የቀበሌውን ሰው፣ ሽማግሌውን፣ ቄሱን አስቀድመህ አናግር፤ ድምፁን ሲሰማ ልጆቹን ሰብስቦ ወደ ቤት የሚገባ ገበሬ አለ፣ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። እኔ በአንድ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ስጠይቅ፣ ኃላፊው ማመልከቻዬን ሳያነብ ጠረጴዛው ላይ ገፍቶ «ሌላ ሥራ የለህም?» አለኝ። አብሮኝ የነበረው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆን ሰው፣ ቆሞ እንዲመልስ ተደረገ፤ ያን ዛሬም አልረሳሁትም። በመጨረሻ የረዳን የወረቀቱ ጥራት ነው፦ ምን እንደምንቀርጽ፣ የት ቀበሌ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ መሣሪያው ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ማን እንደሚያበረው፣ ምስሉ ለማን እንደሚሰጥ በአንድ ገጽ ጻፍን፤ የመሣሪያውንም ፎቶ አያያዝን። የቀረጽነው ቦረቦር በሦስት ክረምት መካከል እንዴት እንደሰፋ በቀረጻዎቹ ያዩት ባለሙያዎች፣ እርከኑን የት እንደሚጀምሩ ከዚያው ወሰኑ። ፈቃዱ እስኪደርስህ ድረስ የሞተርና የንዝረት ፍተሻውን ፕሮፔለር አውልቀህ በቤትህ ጨርስ።

አሁን ገንዘብ ሳታወጣ ይህን ላክልኝ፦ ያለ ባትሪና ከነባትሪ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ የፕሮፔለሩን ቁጥር፣ የሞተሩን ኬቪ፣ ካለፉት በረራዎችህ መዝገብ ላይም ሲያንዣብብ ስንት አምፔር እንደሚስብ። የአምፔሩ ንባብ እውነተኛ መሆኑን ቻርጀሩ መልሶ ከሞላው ሚሊ አምፔር ሰዓት ጋር አስተያየው። አራቱ ቁጥሮች ከደረሱኝ፣ ያሉህ ሞተሮች ለ7 ኢንች ይበቁ እንደሆነ ወይም በባለ 6 ኢንች ፍሬም መወሰን እንደሚሻልህ አስልቼ እዚሁ እጽፍልሃለሁ።