ስፒሉ ትናንት የነበረበት ቦታ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ታናሽ እህቴ ቀሚስ ስትለካ በከንፈሯ ይዛው የነበረውን ስፒል ዋጠችው። በማግሥቱ ራጅ ተነሥታ አንጀቷ ውስጥ ታየና ለኦፕራሲዮን ተቀጠረች። ቀኑ ደርሶ ጠረጴዛ ላይ ከወጣች በኋላ ግን እንደገና ራጅ አንሥተው «ወርዷል፣ እንጠብቅ» ብለው መለሷት። የመጀመሪያው ተሳስቶ ነው? ወይስ ሁለት ጊዜ ሊያስከፍሉን?

መልስ፦ እህቴ፣ ድንጋጤዎ ይገባኛል። ነገር ግን እህትዎን ከቢላ ያዳናት ያ ሁለተኛው ራጅ ነው። የፊተኛውም አልተሳሳተም። ራጅ የሚያሳየው የተነሣበትን ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንጀት ደግሞ ሌሊትም አያርፍም፣ የያዘውን እየገፋ ያወርዳል።

ይህን የተማርኩት በጀማሪነቴ ነው። መርፌ የዋጠ ልጅ መጥቶ፣ ማታ የተነሣውን ራጅ አምነን ጠዋት ሆዱን ከፈትን። አንጀቱን ስንዝር በስንዝር ብዳስስ መርፌው የለም። በመጨረሻ ሲ-አርም የሚባለውን፣ ክንዱ እንደ ግማሽ ቀለበት የታጠፈ ራጅ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋን። እርሳስ ያለበትን ሽርጥ ለብሰን ስናበራው መርፌው ካሰብንበት በጣም ርቆ ሞኒተሩ ላይ ቁልጭ አለ። ምስሉ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ የትኛው የአንጀት እጥፋት ውስጥ እንዳለ አይለይም። አንዱን እጥፋት በፎርሴፕስ፣ ማለትም በብረት መቆንጠጫ፣ ያዝ አድርጌ ሳንቀሳቅስ መርፌው ዝም አለ። ሌላውን ያዝኩ፣ አሁንም ዝም። ሦስተኛውን ሳንቀሳቅስ የመርፌው ጥላ ከፎርሴፕሱ ጋር አብሮ ሄደ። እዚያችው ላይ በትንሹ ቀደን አወጣነው። ልጁ ዳነ፤ ያን ያህል ሰዓት ሆዱ ተከፍቶ መቆየቱ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የዕለቱን ራጅ ሳላይ ቢላ አላነሣም።

ጨጓራን አልፎ እየወረደ ያለ ስፒል ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል። በየቀኑ በራጅ ይከታተሏት። ለ3 ቀን ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ወይም ሆዷን ካመማት፣ ካስመለሳት፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ሰገራዋም ከጠቆረ ወይም ደም ከቀላቀለ ሳትውል ሳታድር ትመለስ። ቶሎ እንዲወርድ ብለው የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳይሰጧት።

ጣና ዳር ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር። የዓሣ አጥንት እንደ ስፒል አይደለም፤ ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጉሮሮ እየወጋ «ራጁ ምንም የለውም» ቢባሉ በዚያ አይመለሱ፤ ሲቲ ስካን ወይም ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን ማየት) ያስፈልጋል። እንጀራ ጠቅልሎ መዋጡም አጥንቱን ይበልጥ ሊቀረቅረው ይችላል።

እህትዎ ለሚቀጥለው ራጅ ስትሄድ የፊተኞቹን ሁለት ፊልሞች ይዛ ትሂድ። ስፒሉ መጓዙና መቆሙ የሚታወቀው ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።