ምንም ያልታየበት ቀንም ይጻፍ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስከፍት ከሕንፃው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ወፎች ይሰበሰባሉ። መንቁራቸው ረጅም ሆኖ ወደ ታች የጎበጠ፣ ጩኸታቸው ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ወፎች አሉ። ጥንብ አንሳም አይጠፋም። ተራ ሰው ለሳይንስ ምርምር መረጃ መስጠት ይችላል ሲባል ሰማሁ። እኔ ከ10ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ያለችኝም አንድ አሮጌ ስማርት ስልክ ናት። የእኔ ማየት ለማን ይጠቅማል? (ሰ. ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ልጄ፣ በጣም ይጠቅማል። ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ለማጽናናት ብዬ እንዳይመስልሽ። የትኛውም ተመራማሪ በየማለዳው ኮዬ ፈጬ ሊቆም አይችልም። አንቺ ግን እዚያው ነሽ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ተራ ሰዎች በገና ሰሞን ወፍ መቁጠር የጀመሩት በ1900 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ 27 ሰዎች ነበሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ ቀጥሏል። የትኛው ወፍ እንደበዛ፣ የትኛው እንደተመናመነ የሚታወቀው እንዲህ ካለ መዝገብ ነው።

ያ ጯሂ ወፍ ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቆዳ ካለችው፣ ሲበርም ክንፉ ላይ ነጭ ከታየሽ፣ ዋትልድ አይቢስ የሚባለው ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ጥንብ አንሳውን ደግሞ አደራሽን ችላ እንዳትይው። መልኩ ስለማይስብ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከጥንብ አንሳዎች አነስ የሚለው፣ ፊቱ ላባ የሌለውና ቀላ ያለው፣ ሁዲድ ቫልቸር የሚባለው ዝርያ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። እኛ በየቄራውና በየቆሻሻ መጣያው ስለምናየው የማያልቅ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሥራው። ኢበርድ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አሁን ከዓለም ዙሪያ የወፍ ቆጠራ የሚሰበስብበት ነው። ዳታ ሳትከፍቺ መዝግበሽ ዋይፋይ ስታገኚ መላክ ትችያለሽ። ሱቅ ከከፈትሽ በኋላ ደንበኛ ሳይበዛ አሥር ደቂቃ ቁሚ። ለይተሽ ያወቅሽውን ወፍ በሙሉ ቁጠሪ፤ ደስ ያለሽን እየመረጥሽ አይደለም። ርግብም ቁራም ይቆጠራል። ልትልኪ ስትይ መተግበሪያው ራሱ ያወቅሽውን ሁሉ መዝግበሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይህ ነውና። አብዛኛው ሰው የሚመዘግበው ደስ የሚል ነገር ያየ ቀን ነው። ጥንብ አንሳ ሲመጣ ይጽፋል፤ ሳይመጣ ሲቀር ዝም። ከዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያነበው ሰው ግን ከዝምታው ምን ይረዳል? ጥንብ አንሳው ቀርቶ ነው ወይስ አንቺ ሱቅ ሳትከፍቺ ቀርተሽ? ስለዚህ ጥንብ አንሳ ያልመጣ ዕለትም አሥር ደቂቃሽን ቁሚና የቆጠርሽውን ላኪ። አንድ ቀን ያ ሜዳ ቤት ይሠራበት ይሆናል። ወፎቹ መቼ መሳሳት እንደጀመሩ፣ መቼ ጨርሰው እንደቀሩ የሚነግረን ይህ በየቀኑ የተጻፈ መዝገብ ነው። በግንባታ እየተዋጡ ያሉ የከተማችን ዳርቻዎች ምን እንደነበራቸው ሳይጻፍ መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ብለሽ 12 ከሞላሽ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ሆኖ ይያዝልሻል። በፈረንጅ አቆጣጠር 6 ነው። የስልክሽ ሰዓትና ቀን መስተካከሉን አይተሽ ራሱ እንዲሞላ ተዪው። ደብተር ላይ ከጻፍሽ ደግሞ በእኛ ይሁን በፈረንጅ አብረሽ ጻፊ።

ስሙን ያላወቅሽውን አትገምቺ። አይናቹራሊስት የሚባለው ሌላ መተግበሪያ ላይ ፎቶውን ብትለጥፊ የሚያውቁ ሰዎች ይለዩልሻል። ሩቅ ያለ ወፍ በአንቺ ስልክ ላይወጣ ይችላል፤ ቢራቢሮ፣ አበባና ቅጠል ግን በደንብ ይወጣል። የቤትሽ ቦታ እንዳይታወቅ ከፈለግሽ አድራሻውን የሚያደበዝዝ ምርጫ አለው። ግድብና ካምፕ አካባቢ ሳታስፈቅጂ ስልክ አታውጪ። እኔ እዚህ ቡራዩ ነው የምኖረው፤ ገፈርሳ ግድብ ወፍ ለማየት ስሄድ መጀመሪያ የማናግረው ጥበቃውን ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት ግቢያችን ጎርፍ ይገባል። ጎረቤት ሁሉ “ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም” ይላል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ? (ጡረተኛ ሹፌር፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይለኩት። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይፈልጉ። አንገቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ይቁረጡና የቆረጡትን ገልብጠው እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ይክተቱት። ሥሩ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይጨምሩበት፤ ከጠጠሩ በላይ፣ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሙሉና ያንን መስመር 0 ይበሉት። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ይለኩ። ከጣሪያና ከዛፍ ያርቁት፤ ርቀቱ የጣሪያውን ቁመት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብበው ውኃውን ወደ መስመሩ ይመልሱ።

1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1,000 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ ይወርዳል።

ካልዘነበ 0 ይጻፉ። ሳያነቡ የቀሩበት ቀን ላይ ሰረዝ ያድርጉ። ሁለቱ ከተምታቱ ደብተሩ ዋጋ ያጣል።

የድሮውን ዝናብ በአንድ ክረምት ልኬት ማወቅ አይቻልም፤ ለእሱ የኢትዮጵያ ሜቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የቆዩ መዝገቦች አሉት። እርስዎ ግን ሌላ ነገር ማወቅ ይችላሉ። ጎርፍ የገባበትን ቀን ከዝናቡ ልክ ጎን ይጻፉ። ዘንድሮ በ30 ሚሊ ሜትር የገባው ጎርፍ ለከርሞ በ15 ከገባ፣ ከሰማዩ በፊት ቱቦውንና አዲስ የተነጠፈውን ኮብልስቶን ይመርምሩ። ጎረቤቶችዎም በየግቢያቸው ቢለኩ ሰፈር ለሰፈር ማወዳደር ይቻላል። ያኔ ደብተሩን ይዛችሁ ወረዳ ሂዱ። ኮፒውን ስጡ፤ ዋናው እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።