ላቦራቶሪ ውስጥ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም

የአንጀትንና የአንጎልን ግንኙነት ልታጠኑ አሜሪካ ለምትመጡ ልጆች ነው የምጽፈው። በዚህ ሙያ ፀጉሬ ሸብቷል። ጎበዝ ሆኖ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ የቀረ ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ አላባብላችሁም።

1. ወረቀት። ቪዛችሁ ጄ-1 (የልውውጥ ቪዛ) ከሆነ ስትጨርሱ ሁለት ዓመት ሀገር ቤት ተመልሶ የመቆየት ግዴታ እንዳለበትና እንደሌለበት ቀድማችሁ አጣሩ። በቃ።

2. አማካሪ። በስም ዝና ብቻ አትምረጡ። ከሱ ላቦራቶሪ (ላብ) የወጡት የት ደረሱ? በስንት ዓመት ጨረሱ? ተማሪዎቹን ራሳቸውን ጠይቁ። «እንዴት ደፍሬ?» የምትሉ ከሆነ የሚቀጥለው ለእናንተ ነው።

3. ይሉኝታ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አንድ ጠንቃቃ ልጅ አውቅ ነበር። ከጊኒ ፒግ የተቆረጠ አንጀት ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ያንጠለጥላል፤ ኦክስጅን ይነፋበታል፤ ሲኮማተር ስክሪኑ ላይ ይከታተላል። አንጀት ከአንጎል ተለይቶም ይሠራል፣ የራሱ የነርቭ መረብ አለው። አንድ ቀን መድኃኒቱን ሲጨምር መስመሩ ፕሮፌሰሩ ከሚሉት ተቃራኒ ሆኖ ወጣ። ደገመው። ያው ነው። የላብ ስብሰባ ላይ ግን ጭጭ! «ትልቅ ሰው እንዴት ተሳስተሃል ይባላል?» አለኝ። ቆይቶ ሌላ ላብ ያንኑ ውጤት አሳተመ። ሥራ ሲፈልግ ደግሞ «ታታሪ ነው፣ የራሱ ሐሳብ ግን የለውም» የሚል ደብዳቤ ተጻፈለት። ሐሳብማ ነበረው! እስካሁን ይቆጨኛል።

«ሙያ በልብ» ብለን ነው ያደግነው። ፈረንጁ ግን ዝምታችሁን አክብሮት ነው ብሎ አይፈታውም። አልገባቸውም ይላል፣ ያልፋችኋል።

ይሄ ሙያ ራሱ በምን አደገና? ሩሲያዊው የምግብ መፈጨት ተመራማሪ ፓቭሎቭ ቆሽትን የሚያዘው ነርቭ ነው ይል ነበር፤ የሱ ቃል ደግሞ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ላይ ቤይሊስና ስታርሊንግ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የውሻ አንጀት ቁራጭ ነርቩን በጠሱና አሲድ ጨመሩበት። ቆሽቱ ፈሳሹን ለቀቀ። የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ፍቀው፣ ከአሲድ ጋር ፈጭተው፣ ጭማቂውን በደም ሥር ሰጡ። አሁንም ለቀቀ። ሴክሬቲን የሚባለው ሆርሞን፣ ያለ ነርቭ በደም የሚሄድ መልእክተኛ፣ እንዲህ ተገኘ። ፓቭሎቭ ተዋረደ? በ1904 ኖቤል ወሰደ እንጂ!

የጨጓራ ቁስልም እንደዚሁ ነው። ሁሉም ጭንቀትና አሲድ ሲል አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ባክቴሪያ ነው አለ። ሰሚ ሲያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ታመመ። በ2005 ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሀገር ቤት ጨጓራዬን እያለ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይሄን ሰውዬ አመስግኑት። ጠጡ አላልኳችሁም። ተናገሩ ነው ያልኩት።

ተሳስተሃል ማለትም አያስፈልግም። «ይሄን ደጋግሜ ሠራሁት፣ ግራፉ ይኸው፣ አንተ እንዴት ታየዋለህ?» በሉ። አዎ፣ አንተ። በስሙ ጥሩት፣ አይቀየምም። መጀመሪያ ድምፃችሁ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ።

4. ጽሑፍ ላይ የስም ቅደም ተከተል። ይሄም ያው ይሉኝታ ነው። አንደኛ የሚሰፍረው የማን ስም እንደሆነ ሙከራው ሳይጀመር ጠይቁ፤ መልሱ በኢሜይል ይቀመጥ።

5. ከስታይፔንድ (ከተማሪ አበል) ላይ ለቤተሰብ ገንዘብ ስለ መላክ ልጽፍ ነበር። ሦስተኛው ቦታውን በላብኝ፣ ሌላ ቀን።