ያ ቢጫ፣ ለስላሳ የህንድ መክሰስ ካማን ነው፤ ጾም መሆኑና አሠራሩ

እህቴ፣ የበላሽው የህንድ መክሰስ ምን እንደሆነ፣ ጾም መሆኑንና አሠራሩን ጠይቀሽኛል። ቢጫ፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣ ሲጫኑት ስፖንጅ የሚመስል፣ ጣፋጭም ጎምዛዛም ሆኖ ላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ፍሬና አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ካልሽ፣ ካማን ነው። የምዕራብ ህንዶቹ የጉጅራት ሰዎች መክሰስ ነው፤ ፍሬው ሰናፍጭ፣ ቅጠሉ የካሪ ቅጠል ነው። ብዙ ምግብ ቤት ሜኑ ላይ «ዶክላ» ብሎ ይጽፈዋል። ዶክላ ግን ሩዝና የሽምብራ ክክ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ አድሮ ቦክቶ የሚሠራ፣ ነጣና ጠጠር ያለ ነው። የበላሽው ቀዳዳው ከበዛና ሲነከስ ጣፋጭ ውሃ ካወጣ ካማን መሆኑን አትጠራጠሪ።

ጾም ነው ወይ ላልሽው፣ እንቁላል የለውም፤ የሚያሰጋው እርጎ ነው። ገበያ ላይ «ናይሎን ካማን» የሚሉት ብዙ ጊዜ በሎሚ ወይም በሲትሪክ አሲድ ይጎመዝዛል፤ እርጎ የሚጨምርበትም ግን አለ። አስተናጋጁን «ቬጀቴሪያን ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ በህንዶች ዘንድ ቬጀቴሪያን ሰው ወተትና እርጎ ስለሚበላ አዎ ይልሻል። «ዳሂ አለው?» በይው፤ ዳሂ እርጎ ነው። ከጎኑ ተጠቅልሎ የሚቀርበው ካንድቪ ግን በአሬራ የሚሠራ ስለሆነ በጾም ይለፍሽ።

እቤት ለመሥራት 1 ተኩል ኩባያ የሽምብራ ዱቄት ንፊ። ሽሮ አይሆንም፤ ተቆልቷል፣ ቅመምም ገብቶበታል። የህንድ ሱቅ ቤሳን የሚሉትን ይህን ዱቄት ካጣሽ ያልተቆላ የሽምብራ ክክ አልመሽ አስፈጪ። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብልና ቃሪያ፣ ጨውና በጣም ትንሽ እርድ ጨምሪ። 1 ኩባያ የሚሆን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰስሽ ጉጉሉ እስኪጠፋ ምቺውና 10 ደቂቃ ይረፍ። ውፍረቱ የፓንኬክ ሊጥ ያህል ይሁን፤ ከቀጠነ ይነሳና መሀሉ ይሰምጣል።

አሁን ነው ጥንቃቄው። የእንፋሎቱ ድስት አስቀድሞ ይንተክተክ፣ ትሪው ዘይት ይቀባ። ከዚያ በኋላ ብቻ 1 ከረጢት (5 ግራም) ኢኖ፣ ለቃር የሚጠጣውን፣ ፍሬ ጣዕም የሌለውን ዓይነት፣ ሊጡ ላይ ነስንሺ። ወዲያው አረፋ ይደፍቃል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ በአንድ አቅጣጫ አማስለሽ ትሪው ላይ ገልብጪ፣ ትሪውን ድስቱ ውስጥ አስገቢና ክደኚ። እዚህ ላይ ስልክ ካነሳሽ አረፋው ይሞትና ድፍን ይወጣል። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልይው፣ አለበለዚያ ጠብታው ላዩን ያላቁጠዋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳትከፍቺ ተይው፤ ስንጥር ሰክተሽ ንጹህ ከወጣ በስሏል። ቀይ ነጠብጣብ ካየሽ እርዱ በዝቷል፤ እርድ ኢኖው ውስጥ ያለው ሶዳ ሲያገኘው ይቀላል።

በረድ ሲል ቁረጪው። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግለሽ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ጨምሪ፤ ተንጣጥቶ ካልፈነዳ ይመራል። የካሪ ቅጠልና የተሰነጠቀ ቃሪያ አስከትዪ፣ ከእሳት አውርደሽ ግማሽ ኩባያ ውሃ በቀስታ አፍስሺ፣ በ1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና በጥቂት ሎሚ አንድ ጊዜ አፍልተሽ ቁራጮቹ ላይ በሙሉ አዳርሺ። «ብዙ ነው» ብለሽ አትቀንሺ፤ ጉሮሮ የሚይዝ ደረቅ ካማን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ውሃ ያነሰው ነው። እስኪመጠው 20 ደቂቃ ጠብቂ።

የተፈረፈረብሽንም አትጣይ። ጉጅራቶች ፍርፋሪውን በነጭ ሽንኩርት አሽተው፣ ሴቭ የሚባለውን ቀጭን የሽምብራ ጥብስና የሮማን ፍሬ ነስንሰው ሴቭ ካማኒ ብለው ይበሉታል።