243 ኪሎ ለምን 240 ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለአጎቴ የእህል መጋዘን በሲ ሻርፕ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ፣ ትንሽ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። ኒውመሪክአፕዳውን የሚባሉት የቁጥር ሳጥኖች ሁለት አሉኝ፤ አንዱ ለኪሎ፣ አንዱ ለኩንታል። አንዱ ሲሞላ ሌላውም እንዲሞላ በሁለቱም ቫልዩቼንጅድ ላይ፣ ማለትም ቁጥሩ ሲቀየር በሚነሳው ኢቨንት (ክስተት) ላይ፣ ኮድ ጻፍኩ። ኩንታሉን ወደ አንድ የአስርዮሽ ቤት አጠጋጋዋለሁ። ግን ኪሎው ላይ 243 ስጽፍ ተመልሶ 240 ይሆናል። የድሮ መዝገብ ስከፍት ደግሞ ምንም ሳልነካ «ለውጡ ይቀመጥ?» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ቶሎ አየኸው! ከባሶና ወራና ገብሱን ጭኖ የመጣ ገበሬ ሦስት ኪሎው በኮምፒውተር ሊጠፋበት አይገባም።

243 ጽፈህ ኢንተር ስትጫን የኪሎው ኮድ ኩንታሉን 2.4 ያደርገዋል። ኩንታሉ ስለተቀየረ የራሱ ቫልዩቼንጅድ ይነሳል። እሱም 2.4ን በ100 አባዝቶ ኪሎው ላይ 240 ይጽፋል። የኪሎው ኮድ እንደገና ይነሳል፤ አሁን ግን ኩንታሉ ያው 2.4 ስለሆነ እዚያ ላይ ያበቃል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ኢቨንቱ አይነሳምና። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ ሳይቆምና ስህተት ሳያሳይ ቁጥርህን የሚቀይረው። እንዲህ ያለው ስህተት ነው የሚያሳስበኝ፤ ማንም ልብ አይለውም።

ቫልዩቼንጅድ ቁጥሩ መቀየሩን እንጂ ማን እንደቀየረው አይነግርህም። ሰው ቢጽፈውም ኮድህ ቢጽፈውም ለእሱ ያው ነው። ስለዚህ «ኮዱ እየጻፈ ነው» የሚል አንድ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ያዝ። እያንዳንዱ ኮድ መጀመሪያ እሱን ይይ። እውነት ከሆነ ምንም ሳይሠራ ይመለስ። ካልሆነ እውነት ያድርገው፣ ሌላውን ሳጥን ይሙላ፣ ከዚያ ወደ ሐሰት ይመልሰው። መመለሻውን ፋይናሊ ውስጥ፣ ማለትም ስህተት ቢፈጠርም ባይፈጠርም በሚሠራው የኮድ ክፍል ውስጥ፣ ጻፈው። ኮድህ የሚጽፈው ቁጥር ከሳጥኑ ማክሲመም (ከሚቀበለው ትልቁ ቁጥር) ቢያልፍ ስህተት ይወረወራል፤ ፋይናሊ ከሌለ ቡሊያኑ እውነት እንደሆነ ይቀርና ሳጥኖቹ መሥራት ያቆማሉ። ማክሲመም ካልቀየርከው 100 መሆኑንም አትርሳ።

መዝገብ ስትከፍትም ያው ነው። ቁጥሮቹን የሚሞላው ኮድህ ስለሆነ ቡሊያኑን እውነት አድርገህ ሙላ፤ ጥያቄው ይቀራል።

ዳታቤዙ ውስጥ ግን ኪሎውን ብቻ አስቀምጥ፤ ሚዛኑ የተናገረው እሱን ነው። አጎትህ በኩንታል ማስገባት ካላስፈለጋቸው ደግሞ የኩንታሉን ሳጥን አንስተህ በሌብል (ቁጥሩን በሚያሳይ ብቻ ጽሑፍ) ተካው፤ ያኔ ሁለተኛው ኢቨንት ጭራሽ አይኖርም።